ቅጠል ውስጥ ያለው ስብ፦ ከድሬና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰሞኑን ስለ ክሎሮፕላስት (ቅጠል በብርሃን ምግቡን የሚሠራበት አረንጓዴ የሴል ክፍል) ስናወራ «ቅጠልም ስብ አለው» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እስቲ እንሞክረው።

ከሳቢያን፦ ጎመን ስብ ካለው ዘይት ለምን እናባክናለን?

ያለው ለመጥበሻ አይበቃም እህቴ! የሰሊጥ ዘይት ፍሬው ለቡቃያው የያዘው ስንቅ ነው። የቅጠሉ ስብ ግን በአብዛኛው የሽፋን መሥሪያ ነው። ክሎሮፕላስት ውስጥ ታይላኮይድ የሚባሉ ስስ ሽፋኖች አሉ፤ ብርሃን የሚያዘው እዚያ ነው። ከሽፋኑ ስብ ግማሽ ያህሉ አንድ ጋላክቶስ (የስኳር ዓይነት ነው)፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ሁለት ጋላክቶስ የተሸከመ ነው። አዎ፣ ስኳር ያለበት ስብ።

ከጀጎል፦ የት ነው የሚሠራው?

ስቡ የሚገጣጠምበት ፋቲ አሲድ በአብዛኛው እዚያው ክሎሮፕላስት ውስጥ ይሠራል። ከዚያ መንገዱ ሁለት ነው። ከፊሉ እዚያው ይቀራል። ከፊሉ ወጥቶ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባል ሌላ የሴሉ የሽፋን መረብ ላይ ይገጣጠምና ተመልሶ ይገባል። ስኳሩ የሚጨመርለት ክሎሮፕላስቱ ሽፋን ላይ ነው። ስፒናች በሁለቱም መንገድ ይሄዳል። አተር ግን ለእነዚህ ባለስኳር ስቦች ወጥቶ በሚመለሰው ዙሪያ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው ማለት ይቻላል። እዚያው ጨርሶ መገላገል ሲችል! ተክልም እንደኛ ነገር ማወሳሰብ ሳይወድ አይቀርም።

ከሐረር ዙሪያ፦ ማሽላዬ ፎስፈረስ ሲያጣ ሽፋኑ ይፈርሳል?

ወዲያው አይፈርስም። ሌሎቹ የሴል ሽፋኖች በብዛት የሚሠሩት ፎስፈረስ ካለበት ስብ ነው። ተክል ፎስፈረስ ሲያጥረው ከዚያ ስብ የተወሰነውን ያፈርስና ፎስፈረሱን ለሌላ ሥራ ያውለዋል። በቦታው ሁለት ጋላክቶስ ያለውን ስብ ይተካል፤ ከክሎሮፕላስት ውጪ ላሉ ሽፋኖች ሳይቀር። በጣም ብልህ ዘዴ ነው። ማዳበሪያን ግን አይተካም ወንድሜ፣ እንዳትዘናጋ።

ከከዚራ፦ የድሬን ሙቀት እንዴት ይችሉታል?

ሙቀት ሽፋኑን ከልክ በላይ ያላላዋል። ብዙ ተክሎች ቀናት ወስደው ሦስት ድርብ ቦንድ (በካርቦኖች መካከል ያለ ድርብ ትስስር) ያላቸውን ፋቲ አሲዶች ይቀንሳሉ፤ ሽፋኑ ጠንከር ይላል። እነዚህ ፋቲ አሲዶች እንዲቀንሱበት የተደረገ ትምባሆ ሙቀትን ይበልጥ ችሏል። ለአንድ ቀን ቀትር ግን አይደርስም፤ ያኔ ውሃና ጥላ ነው መላው።

ከገንደቆሬ፦ ለቡና የምንጎዘጉዘው ትኩስ ሣር ለምን ይሸታል?

ሣሩ ሲቆረጥ ከሽፋኑ ስብ ሊኖሌኒክ አሲድ ይወጣል፤ ቅድም ካልናቸው ባለሦስት ድርብ ቦንድ ፋቲ አሲዶች አንዱ ነው። ኢንዛይሞች በሰከንዶች ውስጥ ይሰባብሩትና በቀላሉ የሚተን ነገር ይሆናል። ከዚሁ አሲድ ጃስሞኒክ አሲድም ይሠራል፤ ተክሉ ፍየል ሲግጠው ወይም ትል ሲበላው መከላከያውን የሚቀሰቅስበት ሆርሞን ነው።

ያው ከገንደቆሬ፦ ታዲያ የሸተተኝ ስብ ነው?

የተሰባበረ ስብ፣ አዎ።