የአንድ ኪሎው የሚዛን ድንጋይ

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ከዳላስ መጥቶ ነበር። ለገጣፎ ቤቴ በረንዳ ላይ ቡና ስንጠጣ ስልኩን አውጥቶ የአንድ ሽጉጥ ፎቶግራፍ አሳየኝ። የሚሠራው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ባለ ሱቅ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ መሣሪያ ተደግኖበት የዕለቱን ገቢ አስረክቧል። በቴክሳስ ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል። ልጁ ሁለት ዓመት ቆጥቦ 4,000 ዶላር አጠራቅሟል፤ ገንዘቡን በትእዛዝ፣ በባለሙያ እጅ ለሚሠራ ሽጉጥ ሊያውለው ነው። ዋጋውን ስሰማ ስኒዬን አስቀመጥሁ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ምላጩ ስንት ኪሎ ይሁንልህ ብለው ይጠይቃሉ። የተቻለውን ያህል ቀላል ይሁንልኝ ልበላቸው?» ምላጩ በስንት ኪሎ ጉልበት ሲሳብ ይተኩስ ማለቱ ነው።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎረቤቶቼ አወራሁለት። ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። 31 ዓመት የጦር መሣሪያ ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ከእነዚያ ዓመታት ውስጥ ለማንም ያልነገርሁት አንድ ሳምንት አለ። ይህን ለእሱና እንደ እሱ ላላችሁት ልጆች የምጽፈው ስለዚያ ሳምንት ነው።

አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፣ የጎረሰ መሣሪያ ልጅ ካለበት ቤት ሜዳ ላይ አይጣልም የሚለውን አልደግምላችሁም። እሱን ገና ያላወቀ ሰው ሽጉጥ አይግዛ። እዚህ አገር ላላችሁትም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ አንድ ጥይት እንኳ መያዝ ወንጀል መሆኑን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

ልጁ ያሳየኝ ሽጉጥ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአገሩ ጦር በ1911 እ.ኤ.አ. የተቀበለውና ስሙንም ከዚያው ዓመት ያገኘው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ጌጠኛ ሽጉጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እሱን ነው። አርካንሳ ግዛት ውስጥ ቤሪቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ዊልሰን ኮምባትና ናይትሆክ ከስተም የተባሉ ሁለት ድርጅቶች ይህንኑ ንድፍ እየሞረዱ፣ እየገጠሙ፣ እያለሰለሱ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጡታል። የሚወደድበት ዋናው ምክንያት ምላጩ ነው። የብዙ ሽጉጦች ምላጭ እንደ በር በማጠፊያ ይዞራል፤ የዚህኛው ግን እንደ መሳቢያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መንገዱ አጭር ነው፤ ጎበዝ እጅ ከነካው ደግሞ ጣት የሚሰማው ነገር ሳይኖር ይተኩሳል። ይህን አውቃለሁ። ያ ጎበዝ እጅ የእኔ የነበረበት ጊዜ አለና።

ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዬ 26። በወርክሾፑ ውስጥ ሌሎች ያቃታቸው ሥራ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣ ነበር፤ ይህንንም ሁሉም እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። አንድ ሻምበል ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም። የአንድ ባለሥልጣን አጃቢ ናቸው። ባልደረቦቻቸው ማካሮቭ የሚባለውን የሶቪየት ሽጉጥ ታጥቀው ሳለ እሳቸው ከንጉሡ ዘመን የተረፈች፣ ይኸው የብራውኒንግ ንድፍ የሆነች ባለ 45 ኮልት ነበረቻቸው፤ 45 የጥይቷ ውፍረት መጠሪያ ነው። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ነው፤ ኮልቷ ግን ከአንድ ኪሎ ታልፋለች። ቢሆንም አይለውጧትም ነበር። መኖሪያቸው ኮተቤ ነው። የዛሬውን ኮተቤ የምታውቁ ልጆች አታምኑኝም እንጂ ያኔ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገቡ በጨለማ የሚሰማው የጅብ ድምፅ ነው። እኔም ቤተሰቦቼ ዘንድ ስሄድ በዚያው መንገድ አልፍ ስለነበር ብዙ ቀን አብረን ተጉዘናል። ሲራመዱ ፈጣን ነበሩ፤ እደርስባቸው ዘንድ እሮጥ ነበር።

አንድ ቀን ኮልቷን አምጥተው «እስቲ ምላጯን ትንሽ ቀለል አድርግልኝ» አሉኝ። ትንሽ ነው ያሉት።

ሠራተኛው ከወጣ በኋላ በጠረጴዛ መብራት ሥር ብቻዬን ቀረሁ። መምቻውን ወደ ኋላ ይዛ የምታቆየው ጥርስ ከትንሿ ጣት ጥፍር አትበልጥም። የሽጉጡ ኃይል ሁሉ በዚያች ጥርስ ጠርዝ ላይ ቆሞ ያድራል። የምላጩን ክብደት የምንለካው ከወደ ገበያ ባለሱቅ በተዋስናቸው የሚዛን ድንጋዮች ነበር፤ በሲባጎ ምላጩ ላይ ሰቅለን ሽጉጡን ወደ ላይ እናነሣለን፤ መምቻው በስንት ኪሎ እንደሚወድቅ እናያለን። ኮልቷ ስትመጣ ሁለት ኪሎ ተኩል ትሸከም ነበር። ሠራሁባት፤ በሁለት ወደቀች። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ የታዘዝሁትም ያ ነበር። ግን እጄ ሞቋል፤ የነገውን ሙገሳ ቀድሜ እየሰማሁ ነው። እንደገና ፈታሁ፤ እንደገና ሠራሁ። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ የአንድ ኪሎውን ድንጋይ ሰቀልሁ። ገና ከጠረጴዛው ሳይነሣ መምቻው ወደቀ። ብቻዬን ሳቅሁ። የዚያን ሰዓት ደስታዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በማግስቱ ሻምበል በባዶው ሞከሯት፤ ፊታቸው በራ። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ከቤታቸው አንድ ኪሎ ቡና አመጡልኝ። ምን ያህል እንደወረድሁ አልነገርኋቸውም። ብነግራቸው «አብዝተሃል፣ መልሰው» ይሉኝ እንደነበር አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ነው ያልነገርኋቸው።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ዝናብ ስለነበር ሽጉጧን ከማኅደሯ አውጥተው በካፖርታቸው ኪስ ይዘዋት ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ አጥራቸው ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸባቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ በአውራ ጣታቸው የሽጉጧን መጠበቂያ ቁልፍ ከፈቱ፤ በብርድ የደነዘዘው ጠቋሚ ጣታቸው ምላጩ ላይ አረፈ። ሽጉጧ ከኪስ ሳትወጣ ተኮሰች። ጥይቱ የቀኝ ቁርጭምጭሚታቸውን አደቀቀው። አጥሩ ሥር የነበረው ጅብ ነው።

ጣታቸው እዚያ መሆን አልነበረበትም፤ ይህ እውነት ነው። ሽጉጥ ከማኅደር ውጭ ኪስ ውስጥ መያዙም ስሕተት ነው። ግን ሁለት ኪሎ ተኩል የሚፈልግ ምላጭ የደነዘዘ ጣት ሲያርፍበት ይታገሣል፤ የእኔው አልታገሠም። ያንን ትዕግሥት ሞርጄ የጣልሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ደረስሁ። ሽጉጧ «የአሠራር ጉድለት እንዳለባት ተመርምሮ ይገለጽ» ከሚል ደብዳቤ ጋር ወደ ወርክሾፑ መጣች። አለቃችን ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «አንተ እየው፣ ከአንተ የተሻለ ሰው የለም» አለኝ። ካፖርቱ ውስጥ የተቃጠለ ክር ከላይኛው ብረት ጋር ተጣብቆ ነበር፤ በመርፌ ጫፍ አንሥቼ ጣልሁት። ከመለዋወጫው መሳቢያ ያልተነካች ጥርስና መምቻ አወጣሁና ቀየርሁ። ሁለት ኪሎ ተኩል ሰቀልሁ፤ ቻለች። በቅጹ ላይ «ምንም ዓይነት የአሠራር ጉድለት አልተገኘባትም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

ሻምበል በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተባሉ፤ ይጠብቁት የነበረው የሻለቅነት ማዕረግ ቀረ። ምላጩን ማን እንዳቀለለው አላነሡም። ቢያነሡ እኔ ነበርሁ የምታሰረው። እሳቸው እኔን ሸሸጉ፤ እኔ ጥፋቴን ሸሸግሁ። ከዚያ በኋላ ሰንዳፋ ገብተው 22 ዓመት በከዘራ ኖሩ። ባገኘኋቸው ቁጥር ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። በዚያው በኮተቤ መንገድ ላይ አሁን የምጠብቃቸው እኔ ሆንሁ፤ እርምጃዬን እየገታሁ።

ለእህቴ ልጅ ያልሁትን ልጻፍላችሁ። ታዋቂዎቹ ሠሪዎች ለዕለት መታጠቂያ ምላጩን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል ከፍ አድርገው እስከ ሁለት ኪሎ ያደርጉታል። እኔ ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ይሁንልህ አልሁት። ቅር አለው። ዒላማ ላይ ለመወዳደር ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊት ፈርተህ፣ ላብ ወርሶህ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ለምታወጣው መሣሪያ ግን ቀላል ምላጭ ወዳጅህ አይደለም። በነባሩ ንድፍ የጥይቱን ቂጥ የምትመታውን መርፌ የሚይዛት ስፕሪንግ ብቻ ስለሆነ ሽጉጡ በአፈሙዙ ሲወድቅ ሊተኩስ የሚችልበት አጋጣሚ አለ። ኮልት በ1983 እ.ኤ.አ. መርፌዋን የሚቆልፍ ነገር ጨመረበት፤ ብዙ የትእዛዝ ሠሪዎች ግን ምላጩን ያጎረብጣል ብለው ይተዉታል፤ በምትኩ መርፌዋን ያቀልላሉ፣ ስፕሪንጓን ያጠነክራሉ። የአንተ ሠሪ የትኛውን እንደሚያደርግ ጠይቀህ በጽሑፍ ያዝ አልሁት። በጣም ጠብቀው የተገጠሙ ሽጉጦች ደግሞ እስኪላመዱ ብዙ መቶ ጥይት ይፈልጋሉ፤ የጥይቱንና የልምምዱን ሒሳብ ከ4,000ው ውስጥ ሳታወጣ ገዛሁ አትበል። ማኅደሩንም እንዲሁ። አራት ሺህ ዶላር ከፍሎ ያንን ብረት በ20 ዶላር ጨርቅ ውስጥ የሚከት ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም፤ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር የሽጉጡ ግማሽ ነው።

ባለ 9 ሚሊ ሜትር 15 ጥይት ይሻላል ወይስ ባለ 45 ስምንት ጥይት እያላችሁ የምትከራከሩትን ግን ተዉት። በአንድ ወር የምታዩት የስልክ ቪዲዮ እኛ በአሥር ዓመት ካየነው መሣሪያ ይበልጣል፤ ስለ እያንዳንዱ ሞዴል ታወራላችሁ፣ አንዲት ስፕሪንግ ግን በእጁ ፈትቶ የገጠመ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። አንድ ነገር ግን እመሰክርላችኋለሁ፤ እናንተ ትጠይቃላችሁ። እኔ በእናንተ ዕድሜ መጠየቅ አላዋቂነትን መግለጥ ይመስለኝ ነበር። ያ ልጅ «ቀላል ይሁን ወይ?» ብሎ ስልኩን እንደዘረጋልኝ፣ እኔም ሻምበልን «እስከ ስንት ላውርደው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ያ ሌሊት ሌላ ሌሊት ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ውድ ሽጉጥ አትግዛ ልለው ነበር። ማካሮቭ የመጀመሪያዋ ስበት ረጅምና ከባድ ናት፤ መምቻውን ጭምር የሚያነሣው ጣት ነውና። በዋጋዋም በመልኳም የሚመካባት ሰው የለም፤ ብዙ ሰው ግን ከራሱ እጅ አድናለች። እንደ እሷ ያለ ተራ መሣሪያ ይበቃሃል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፎቶግራፉን እንደገና ሳየው ግን አልቻልሁም። የላይኛው ብረት ከታችኛው ጋር የተገናኘበት መስመር ጸጉር አያስገባም፤ ጠርዞቹ ሁሉ እጅ እንዳይቆርጡ ተሞርደዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ቀን እንደሚወስድ አውቃለሁ። ግዛው ልጄ፣ ገንዘብህ ነው፤ ሳትገዛው ብትቀር የማዝነው እኔ ነኝ። ናይትሆክ እያንዳንዱን ሽጉጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአንድ ሠራተኛ ይሰጣል፤ ሠራተኛውም የስሙን መነሻ ፊደሎች ብረቱ ላይ ይመታል። ልጁ ይህንን እንደ ማስታወቂያ ነበር የነገረኝ። እኔ ግን ከውበቱና ከዋጋው ሁሉ ይህቺን አስበለጥሁ፤ ብረቱ ጥፋት ቢያጠፋ ማን እንደሠራው ይታወቃላ። በዚያች ኮልት ላይ የእኔ ፊደል ተመትቶ ቢሆን ያንን ቅጽ አልፈርምም ነበር።

ልጁ ከሄደ በኋላ ይህን ከማሳተሜ በፊት የሻምበልን ልጅ ስልክ ፈልጌ አገኘሁ። አሁን ጎልማሳ ነው፤ የልጆች አባት ነው። ከድንጋዩ እስከ ቅጹ ያለውን ሁሉ ሳላስተርፍ ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ በስልኩ ውስጥ የሚሰማኝ ከኋላው የሚጫወቱ ሕፃናት ድምፅ ነበር። ከዚያ አባቱ ስለ እግራቸው በተጠየቁ ጊዜ ሁሉ የሚሉትን ነገረኝ፦ «የከዳኝ እጄ ነው፤ ብረቷ ግን የጎበዝ ልጅ ሥራ ነበረች።»

እሑድ ሰንዳፋ ይጠብቀኛል። እናቱም አሉ።