«ቫሊው ቼንጅድ መቼ ይነሳል?» ሲሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሻል። የሱቅ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራሽ። የዊንዶውስ ፎርምስ (የዴስክቶፕ ፕሮግራም መስኮቶች መሥሪያ) የቁጥር ሳጥን ላይ «ቫሊው ቼንጅድ የሚባለው ኢቨንት መቼ ይነሳል?» አሉሽ፤ ኢቨንት ማለት አንድ ነገር ሲሆን ለኮዱ የሚደርስ ምልክት ነው። «ተጠቃሚው ቁጥሩን ሲቀይር» ብለሽ መለስሽ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉልሽም። አሁን «ዴስክቶፕ ይቅርብኝና ወደ ዌብ ልሂድ?» ትያለሽ።

ለዚህ ብለሽ አትሂጂ። መልስሽ ግማሽ ነበር። ኢቨንቱ ኮድሽ ራሱ ቁጥሩን ሲቀይረውም ይነሳል። ከዳታቤዝ ዋጋ አምጥተሽ ሳጥኑን ስትሞዪ፣ ማንም ሳይነካው «ለውጡ ሴቭ ይደረግ?» የሚል መልእክት ብቅ የሚለው በዚህ ነው።

የሱቅ ሶፍትዌር ሰዎች ይህን የሚጠይቁት በምክንያት ነው። ሁለት ሳጥን አስቢ፦ አንዱ ያለ ቫት፣ ሌላው ከነ 15 በመቶ ቫቱ። አንዱ ሲቀየር ሌላውን ያሰላል፤ ውጤቱንም ወደ ሳንቲም ያጠጋጋል። ካሸሯ ከነቫቱ 100.09 ብላ ጽፋ ወደ ሌላ ሳጥን ታልፋለች። ያለ ቫት 87.03 ይመጣል። ያ ሳጥን ግን እሱም ተቀይሯልና በተራው ያሰላል፤ ውጤቱ 100.08። የጻፈችው ቁጥር ዓይኗ እያየ ተለወጠ! ቀጥሎ ሲሰላ ያው 87.03 ስለሚመጣ ነገሩ እዚያ ይቆማል። ፕሮግራሙ አይዘጋም፣ ኤረር የለም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሰው የሚያጣላው እንዲህ ያለ ሳንቲም ነው።

መፍትሔው አጭር ነው። «አሁን የሚቀይረው ኮዱ ነው» የሚል ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ ብቻ የሚይዝ ቫሪያብል) ያዢ፤ ትሩ ከሆነ ሃንድለሩ (ኢቨንቱ ሲነሳ የሚሠራው ኮድ) ምንም ሳይሠራ ይመለስ። ኮምቦቦክስ (ከዝርዝር የሚመረጥበት ሳጥን) ላይ ደግሞ ሰው ሲመርጥ ብቻ የሚነሳ ለብቻው ኢቨንት አለ፤ ሰሌክሽን ቼንጅ ኮሚትድ ይባላል።

ይህችን ባለ ሁለት ሳጥን ፕሮግራም ሥሪና ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ጫኚያት። የሳጥኑን ማክሲመም ከፍ ማድረግ እንዳትረሺ፤ ካልነካሽው 100 ስለሆነ 100.09ን አይቀበልሽም። የ100.09ን ታሪክ ከኮዱ ጋር በአራት መስመር ጻፊው። ሲቪ የሚያይ ሰው «ሲ ሻርፕ እችላለሁ» ከሚል መስመር ይልቅ ይህን ያነባል፤ እኔ ብሆን አነባለሁ።

ዌብም ብትሄጂ ጥያቄው ይከተልሻል፣ መልሱ ግን ይገለበጣል። ብራውዘር ላይ ጃቫስክሪፕት የሳጥኑን ቫሊው ሲቀይር የኢንፑት ኢቨንት አይነሳም። ስለዚህ ወዴት እንደምትሄጂ ሳትወስኚ ፕሮግራሟን ጨርሺ፤ ሊንኩንም ለዚያው ድርጅት በኢሜይል ላኪላቸው። ቦታው ተይዞም ከሆነ ሌላ ሲከፈት እንዲያስታውሱሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም።