ባለ 9 ወይስ ባለ 10? የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ምርጫ ለጠየቅሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኤሌክትሪክ ጊታር ከጀመርሽ ስምንት ወርሽ ነው። ጊታርሽ የስትራቶካስተር ዓይነት ነው፣ ባለ 10 ክር ገጥመሽበታል። ቤንድ ስታደርጊ (ክሩን በጣትሽ ወደ ጎን ገፍተሽ ድምፁን ከፍ ስታደርጊ) ጣትሽን ያምሻል፣ ድምፁም የፈለግሽው ቦታ ሳይደርስ ይቀራል። አንደኛዋ ክር በየሁለት ሳምንቱ ትበጠስብሻለች። ሌስ ፖል የሚባለውን ጊታር የሚጫወተው ጓደኛሽ ደግሞ «ድምፅ ያለው ወፍራም ክር ላይ ነው፣ እንደኔ ወደ 11 ውጪ» ብሎሻል። አንቺ ግን ወደ 9 መውረድ አማረሽና «እንደ መሸነፍ ይቆጠርብኛል?» ብለሽ ጠየቅሽ።

አይቆጠርብሽም። ባለ 9 ግዢ። ከመግዛትሽ በፊት ግን የምትበጠሰዋን ክር ነገር አብረን እንየው፤ እሱ የክሩ ጥፋት አይመስለኝም። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ እንግባባ። 9፣ 10፣ 11 የምንለው የቀጭኗን፣ የአንደኛዋን ክር ውፍረት ነው። የሚለካው በአንድ ሺኛ ኢንች ነው። ባለ 10 ማለት 0.010 ኢንች፣ በሚሊሜትር 0.25 ገደማ ማለት ነው። የተለመደው ባለ 10 ፓኬት ውስጥ 10፣ 13፣ 17፣ 26፣ 36 እና 46 ታገኛለሽ። በባለ 9 ውስጥ ደግሞ 9፣ 11፣ 16፣ 24፣ 32 እና 42። በ9 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። በዓይን አታዪውም። ጣትሽ ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ለምን መሰለሽ? አንድን ክር እዚያው ቅኝት ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው ውጥረት ከውፍረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በውፍረቱ ካሬ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ 10ን አውልቀሽ 9 ስትገጥሚ ውጥረቱ በ19 በመቶ ይወርዳል። በአንቺ ጊታር አንደኛዋ ክር አሁን በ7 ኪሎ ከምናምን ነው የተወጠረችው። በ9 ወደ 6 ኪሎ ትወርዳለች። ስድስቱም ሲደመሩ ከ46 ኪሎ ገደማ ወደ 38 ገደማ ይመጣሉ። ስምንት ወር የሠራ ጣት ይህን ልዩነት እንዴት አይሰማው?

አሁን ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ቅን ምክር ነው የመከረሽ። ግን የሱ ጊታርና ያንቺ ጊታር አንድ አይደሉም። አንዱ ጊታር ላይ ጥሩ የሆነ ክር ሌላው ላይም ጥሩ ነው ማለት አይቻልም፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። ስትራቶካስተር ላይ ክሩ ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሮቹን የያዘው ብረት) የሚንቀጠቀጥበት ርዝመት 25.5 ኢንች ነው፣ 648 ሚሊሜትር። ሌስ ፖል ላይ 24.75 ኢንች፣ ወደ 628 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ናት። ነገር ግን እዚህም ካሬው ይገባበትና ያው ክር ሌስ ፖል ላይ 6 በመቶ ያህል ይላላል።

ደግሞ ጓደኛሽ ከባንዱ ጋር ሲጫወት ግማሽ ድምፅ (በጊታር ላይ ትንሿን የድምፅ ደረጃ) ዝቅ አድርጎ እንደሚቃኝ ጽፈሻል። አንቺ በመደበኛው ቅኝት ነሽ። ግማሽ ድምፅ ማውረድ ሌላ 11 በመቶ ውጥረት ይቀንሳል። ሁለቱን ደምሬ አሰላሁት። በሱ ጊታር፣ በሱ ቅኝት ባለ 11 ክር ያንቺን ባለ 10 ያህል ነው የሚከብደው። ሁለት በመቶ እንኳ አይበልጥም። ማለትም እሱ 11 ገጥሞ የሚሰማውን ነገር አንቺ ከስምንት ወር ጀምሮ እየገፋሽው ነው! ያንቺ ጊታር ላይ በመደበኛ ቅኝት 11 ብትገጥሚ ከዛሬው 21 በመቶ ይከብድብሻል። እባክሽ አታድርጊው።

«ወፍራም ክር ወፍራም ድምፅ» የሚለው ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ወፍራም ክር ብዙ ብረት አለው፣ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔት) ላይ ጠንከር ያለ ምልክት ይሰጣል። በፒክ (በመምቻዋ) አጥብቀሽ ስትመቺውም ቅኝቱ አይዋዥቅም። የብሉዝ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን በ13 ይጫወት ነበር፤ ሁሌ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ግን እሱም ግማሽ ድምፅ አውርዶ ነበር የሚቃኘው። በሌላ በኩል የዚዚ ቶፕ ባንድ ጊታሪስት ቢሊ ጊበንስ በ7 ነው የሚጫወተው፣ ድምፁ ደግሞ ቀጭን ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የብሉዝ ንጉሡ ቢ ቢ ኪንግ አንደኛ ክሩ 10 ነበር። የብላክ ሳባት ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በፋብሪካ አደጋ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ካጣ በኋላ መጫወት የቻለው ቀጭን ክር ፈልጎ ነው፤ የሄቪ ሜታልን ከባድ ድምፅ ካመጡት ሰዎች ዋናው ግን እሱ ነው። ድምፅሽ ከሳሳብሽ መጀመሪያ የአምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ባስና ሚድ ንኪ፣ ፒክአፑን በካቻቪቴ ትንሽ ወደ ክሩ አስጠጊ። ጣትሽን የሚያሰቃይ ክር ላይ ጥሩ ድምፅ አይወጣም፤ ቤንድሽ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ክሩ የቱንም ያህል ቢወፍር ሰሚው የሚሰማው የተበላሸ ኖታ ነው።

መሀል ላይም አማራጭ አለ። ባለ 9.5 የሚባል አለ። ከላይ 9፣ ከታች 46 የሆነ ድብልቅ ፓኬትም አለ። ሪትም በኃይል የምትመቺ ከሆነና ወፍራሞቹ ክሮች ከላሉብሽ ድብልቁ ይስማማሻል። እኔ ራሴ ለዓመታት የኖርኩት እሱ ላይ ነው።

ስለ ብረቱ ብዙ አልጨነቅም። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ኒኬል የተቀባ ስቲል ነው፣ አንቺም እሱን ያዢ። ንፁህ ኒኬል ለስለስ ይላል። ስቴንለስ ስቲል ይጮኻል፣ ፍሬቱንም (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩትን ብረቶች) ቶሎ ይበላል። የአኩስቲክ ክር ግን በጭራሽ አትግጠሚ። ፒክአፑ የሚሠራው በማግኔት ስለሆነ ላዩ ላይ የተጠመጠመውን ነሐስ አይሰማውም፤ አንዱ ክር ይጮኻል፣ ሌላው ይጠፋል። እጅሽ ላብ የሚያበዛ ከሆነ ስስ ሽፋን ያለው ክር ዋጋው ቢበዛም ይቆይልሻል።

አሁን የምትበጠሰዋ ክር። የት ጋ ነው የምትበጠሰው? ይህን አልጻፍሽም፣ ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የጊታሩ ነው። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ሦስት ወር ሙሉ አንደኛዋ ክር ብሪጁ ጋ ትበጠስብኝ ነበር። ክሩ መጥፎ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ብራንድ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ የተበጠሱትን ጫፎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ሁሉም የተቆረጡት ክሯ ሳድሉ (ብሪጁ ላይ ክሩን የሚደግፈው ትንሽ ብረት) ላይ ከምታርፍበት ነጥብ ነው። ትንሽ ጥጥ ወስጄ ሳድሉ ላይ ጎተትኩት። ያዘው። በዓይን የማይታይ እሾህ የመሰለ ብረት ጥጡን ነጭቶ አስቀረ። ቁጥሩ 600 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት በቀጭኑ ቀድጄ ያረጀ ክር ላይ ጠቀለልኩና ያንን ቦታ አራት አምስት ጊዜ በቀስታ አሸሁት። ከዚያ በ1000። ጥጡ ሳይያዝ ማለፍ ሲጀምር አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ የተበጠሰ ክር የለኝም። አንቺም ይህን ሳታዪ 9 ብትገጥሚ ቀጭን ስለሆነ ጭራሽ ቶሎ ይበጠስብሻል።

9ን ስትገጥሚ ጊታሩ ሚዛኑን ይለውጣል። ይህንን የተማርኩት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ለመድረክ አንድ ቀን ሲቀረኝ ከ9 ወደ 11 ወጣሁ። ብሪጁ ተነሳ፣ ክሮቹ ከፍሬቱ ራቁ። ሦስተኛዋ ክር ደግሞ ለቀጭን ክር በተቆረጠው የነት ቦይ ውስጥ ተቀረቀረች። መቃኛውን ሳዞር ዝም ትልና ድንገት «ቲክ» ብላ ትዘላለች። ያንን ምሽት በሙሉ ቅኝቴን እያሳደድኩ አመሸሁ።

አንቺ ወደ ታች ስለሆነ የምትሄጂው ቦዩ አይጠብብሽም። የሚጠብቅሽ ሌላ ነው። ክሮቹ ሲላሉ አንገቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀናል፣ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሊመጣ ይችላል። ከመጣ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ) ሩብ ዙር ወይም ከዚያ ባነሰ አላይው፣ ቃኚና እንደገና እዪ። ብሪጅሽ ከእንጨቱ ላይ ተነስቶ የሚንሳፈፍ ከሆነ ከኋላ ያሉት ሞላዎች አሁን ክሮቹን ያሸንፉና ወደ ታች ይጎትቱታል። ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በጥቂቱ ፍቺ። ክሮቹን አንድ በአንድ ቀይሪ፤ ሁሉንም አንዴ ካወለቅሽ ብሪጁ ይወድቃል፣ ሚዛን መፈለጉ ያደክምሻል።

አዲስ ክር ቅኝት ቶሎ ይለቃል። በእጅሽ ከፍ ከፍ እያደረግሽ ሳቢውና መልሰሽ ቃኚ፣ ሦስት አራት ጊዜ። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነሽ በመቃኛ መሣሪያ እዪ። ኖታው ከፍ ብሎ ከታየሽ ሳድሉን ከነት አርቂው፣ ዝቅ ካለ አቅርቢው።

ክሯ ሌላ ጊዜ ስትበጠስ ጫፏን አትጣያት። ሳድሉ ጋ ነው፣ ነት ጋ ነው ወይስ መቃኛው ጋ? ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልን። ከዚያ ምን ማሸት እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።