የጠፋው ቻናል ከሰማይ ነው የጠፋው ወይስ ከጣሪያዎ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚከታተሉት የትምህርት ቻናል ነበር። እናቴ ደግሞ ስለ ጤናና ስለ እርሻ የሚያስተምር ቻናል ትወድ ነበር። ከክረምቱ ወዲህ ሁለቱም ጠፉ። ሌሎቹ በደንብ ይሠራሉ። የዲሽ ሠራተኛ ጠርቼ ኤልኤንቢ (ከሳህኑ ፊት ያለችውን ሲግናል ተቀባይ) ቀየረልኝ፤ ለውጥ የለም። ሌላው መጣና ‹ሪሲቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዢና ሰርቨር አስገቢ› አለኝ። እውነት ነው? ካልተመለሱስ በምትካቸው ምን ማግኘት እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ለሪሲቨር ያሰቡትን ብር ለጊዜው ቦርሳዎ ውስጥ ይተዉት። «ሌሎቹ በደንብ ይሠራሉ» ያሉት ነገር ብዙ ይናገራል። ኤልኤንቢውን የቀየረው ሰው እሱን ቢሰማ ኖሮ ምናልባት መሰላሉን እንኳ አይወጣም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻናል በሳተላይት ላይ ለየብቻው አይመጣም። ብዙ ቻናሎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተጭነው አብረው ነው የሚወርዱት። አንድ ሚኒባስ ውስጥ እንዳሉ ተሳፋሪዎች ይቁጠሯቸው። ሚኒባሱ ቤትዎ ደጃፍ ደርሶ አንድ ሰው ከውስጡ ካጡ፣ ያ ሰው ወይ አልተሳፈረም ወይ መንገድ ላይ ወርዷል። ሞተር ቢቀየር አይመጣም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ያድርጉ። ከሶፋ መነሳት አያስፈልግም። የጠፋውን ቻናል ይክፈቱና ሪሞቱ ላይ «ኢንፎ» የሚለውን ይጫኑ፤ አንዳንዱ ሪሲቨር ላይ ሁለቴ መጫን ይጠይቃል። ሦስት ነገሮች ያያሉ፦ ፍሪኩዌንሲ፣ ኤች ወይም ቪ የሚል ፊደል፣ ከዚያ ሲምቦል ሬት። ለምሳሌ 11105፣ ኤች፣ 45000 የሚል ከሆነ ኢትዮሳት ላይ ነዎት ማለት ነው። ኢትዮሳት ማለት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎቹ የሀገራችን ጣቢያዎች የገቡበት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ያለው ስብስብ ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከሥር ሁለት መስመሮች አሉ። «ስትሬንግዝ» የሚለውን ይተዉት፤ እሱ ገመዱና ኤልኤንቢው መገናኘታቸውን ከመንገር ብዙም አያልፍም፤ ዲሹ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ቢዞርም ሊሞላ ይችላል። ሥራ ያለው «ኳሊቲ» ላይ ነው።

አሁን ከሚሠሩት ቻናሎች መካከል ተመሳሳይ ቁጥር ያለውን ይፈልጉ። እሱ ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነና የጠፋውም ላይ ኳሊቲው እኩል ከሆነ ነገሩ አለቀ። ዲሽዎ ደህና ነው፣ ኤልኤንቢው ደህና ነው፣ ገመዱም ደህና ነው። ቻናሉ ከዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ወርዷል። ዝርዝሩ ላይ ስሙ መቅረቱ አያታልልዎ። ሪሲቨር ስምን አስቀምጦ ይይዛል እንጂ ቻናሉ ሲወርድ ሁልጊዜ ራሱ አይሰርዘውም።

በተቃራኒው የዚያ ቁጥር ቻናሎች ሁሉ አብረው ከጠፉ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከእርስዎ በኩል ነው፦ ጣሪያው፣ ገመዱ ወይም ሪሲቨሩ። በተለይ የኤች ቻናሎች ጠፍተው የቪዎቹ ከቀሩ ኤልኤንቢ ከመግዛት በፊት ገመዱንና ሪሲቨሩን ይፈትሹ። ሪሲቨሩ ለቪ 13 ቮልት፣ ለኤች ደግሞ 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው ይልካል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለው ኮኔክተር ከዛገ ወይም የሪሲቨሩ ፓወር ሰፕላይ ከደከመ 18ቱ ሳይደርስ ይቀራል። የኮንዶሚኒየም ሰው ይህን ልብ ቢል ደስ ይለኛል፤ ከጣሪያ እስከ መጀመሪያ ፎቅ የሚወርድ ገመድ አጭር አይደለም፣ መሃል ላይ በፕላስተር የተቀጠለም ብዙ አይቻለሁ። ክረምት ደግሞ ውሃ በቅጥያው ይገባል።

ሪሲቨሩ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንበት ሌላም ሁኔታ አለ። ጣቢያው ወደ ኤችዲ ወይም ወደ አዲሱ የስርጭት ዓይነት ከተሸጋገረ አሮጌ ሪሲቨር አይከፍተውም። ምልክቱ ግልጽ ነው። ድምፅ እየተሰማ ምስል የለም፣ ወይም ስካን ሲያደርጉ ጎረቤትዎ ያገኘው ቻናል የእርስዎ ዝርዝር ውስጥ ጨርሶ አይገባም። እርግጠኛ ለመሆን የጎረቤትን ኤችዲ ሪሲቨር ለአሥር ደቂቃ ተውሰው በእርስዎ ገመድ ላይ ይሰኩት። ከመጣ ይግዙ። ካልመጣ አይግዙ።

ስለ ሰርቨር ግን በአጭሩ ልናገር። ሰርቨር የተቆለፉ ቻናሎችን በኢንተርኔት ለመክፈት የሚሸጥ ነገር ነው። ሕጋዊነቱን ለጊዜው እንተወውና፣ የትምህርትና የጤና ቻናሎች ሲጀመርም አልተቆለፉም። ያልተቆለፈን በር ለመክፈት ቁልፍ የሚሸጥልዎ ሰው ወይ አልገባውም ወይ ገብቶታል።

ቀጥሎ ቻናሉ ወርዶ ሌላ ቦታ ገብቶ እንደሆነ እንፈልግ። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ ይቀይራሉ፣ አንዳንዴ ስማቸውንም ጭምር። ሜኑ ውስጥ ገብተው 57 ዲግሪን ይምረጡና «ብላይንድ ስካን» ያድርጉ። ተራው ስካን ሪሲቨሩ የሚያውቃቸውን የድሮ ቁጥሮች ብቻ ነው የሚያንኳኳው። ብላይንድ ስካን ግን ሁሉንም ያስሳል። ትንሽ ይቆያል፣ ቡና ያፍሉ። አደራ፣ «ፋክተሪ ሪሴት» የሚለውን አይንኩ። የኤልኤንቢውንና የሱዊቹን (ኤልኤንቢዎችን ከአንድ ገመድ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ቅንብር ሊያጠፋው ይችላል። ከዚያ በኋላ እውነትም የዲሽ ሠራተኛ ያስፈልግዎታል።

እናንተ ሰፈር፣ እንዲሁም ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ አካባቢ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዳር ከተማ ነው፣ በየወሩ አዲስ ሕንፃ ይበቅላል፣ ባሕር ዛፉም ያድጋል። «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚል ደንበኛ ቤት ስሄድ መጀመሪያ የማየው ዲሹን ሳይሆን ፊት ለፊቱ የቆመውን ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ የኢትዮሳት ሳተላይት ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ሕንፃ በቀላሉ አይጋርደውም። ናይልሳት የሚባለው ሌላው ሳተላይት ግን ወደ ምዕራብ 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በምዕራብ በኩል አንድ ባለ አራት ፎቅ ከተነሳ ናይልሳትዎ ሊሄድ ይችላል፣ ኢትዮሳትዎ ግን ይቀራል።

ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት 8 አካባቢ ፀሐይ ከእኛ ስትታይ በሳተላይቶቹ ጀርባ ታልፋለች። በእነዚያ ቀናት ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ኢትዮሳት ያለበት ቦታ ላይ ትደርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋ ደግሞ ናይልሳት ላይ። ያን ሰዓት ዲሹን ይመልከቱ፣ ፀሐይዋን ግን በቀጥታ አይዩ። ሳህኑ ላይ የዛፍ ወይም የግድግዳ ጥላ ካረፈ መንገዱ ተዘግቷል። ሙሉ ፀሐይ ካረፈበት ክፍት ነው። በዚሁ ሰሞን በዚሁ ሰዓት ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆራረጥም አይደንግጡ። የፀሐይዋ ጨረር ሲግናሉን ስለሚሸፍነው ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል። በዚህ ሰበብ መስከረም ላይ ኤልኤንቢ የሚቀየርለት ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ቻናሎቹ በእርግጥ ከወረዱስ?

የዲሽ ሠራተኛ የወረደን ቻናል አይመልስም። ጣቢያ ሳተላይት ላይ ለመቆየት ቦታውን ይከራያል፣ ኪራዩን ካቋረጠ ይወርዳል። ማስታወቂያ የማይሸጡት፣ ለሕዝብ ጥቅም ተብለው የሚከፈቱት ደግሞ ቀድመው የሚደክሙት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ይህን በሕግ ሊይዙት ሞክረዋል። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መነሻ፣ የሳተላይት ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ከቻናል አቅማቸው 4 በመቶውን ለትርፍ ላልቆሙ የትምህርትና የመረጃ ቻናሎች እንዲያስቀምጡ ይገደዳሉ። እዚያ ያለች የአክስቴ ልጅ እንደምትለኝ ግን ሕጉ ቦታውን ያስቀምጣል እንጂ የምትወደውን ቻናል አያስቀምጥላትም። አንዱ ሲወጣ በምትኩ የሚገባው ሌላ ነው፣ ተመልካቹም ያጉረመርማል። ስለዚህ የእርስዎ ብሶት እዚያም አለ።

እኛ ጋ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው ያለው። ፈቃድ የሚሰጠውም የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ለእሱም ለጣቢያዎቹም መጻፍ ይችላሉ። የእኔን ምክር ከሰሙ ግን «እገሌ ቻናል ይመለስልን» ብለው አይጻፉ። ሙሉ ቻናል ለመመለስ የወር ኪራይ የሚከፍል ሰው መገኘት አለበት። ፕሮግራሙን በስሙ፣ በሰዓቱ፣ በክፍል ደረጃው ይጠይቁ። «የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ከ11 ሰዓት በኋላ» ቢሉ፣ በሥራ ላይ ያለ ጣቢያ አንድ ሰዓት ከፕሮግራሙ ቆርጦ ሊሰጥ ይችላል። በትምህርት ቤቱ ወላጆች ስም ተሰብስባችሁ ብትጽፉት ደግሞ የበለጠ ይሰማል። ትምህርት በሳተላይት ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በፕላዝማ ተምረውበታል፣ ወደዱትም ጠሉትም።

እስከዚያው እቤት ማድረግ የሚችሉት ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው መቅዳት ነው። ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ፊት ለፊት ወይም ጎን ላይ የፍላሽ ቀዳዳ አላቸው፣ ሰዓት ሞልቶ መቅዳትም ይችላሉ። የሆነ ጣቢያ ላይ ጥሩ ትምህርት ካገኙ ይቅዱት፣ ልጆቹ ሲመቻቸው ያዩታል። ነገ ቻናሉ ቢወርድ እንኳ ትምህርቱ እጅዎ ላይ ነው። ይህን ባለፈው ክረምት አድርገውት ቢሆን ዛሬ እናትዎ የእርሻውን ፕሮግራም ደግመው ያዩት ነበር። ከኢንተርኔት ማውረድም አለ፣ ግን የዳታውን ዋጋ እርስዎ ያውቁታል።

ሁለተኛው በዚያው ዲሽ ላይ ሌላ ሳተላይት መጨመር ነው። ሁለተኛ ኤልኤንቢ፣ ማያያዣ ብረትና ባለ ሁለት ሱዊች ይበቃል፣ ሪሲቨር አይቀየርም። ለኢትዮሳት ቅርብ ከሆኑት አንዱ በ52.5 ዲግሪ ላይ ያለው ያህሳት ነው። እዚያ የሚያገኙት በአብዛኛው የአረብኛና የሌላ ውጭ ቋንቋ ቻናል ስለሆነ ለትምህርት ምትክ ይሆናል ብዬ አላታልልዎትም። ለልጆች ካርቱን ይሆናል። ካስገጠሙ ግን ሠራተኛው ሁለቱን ኤልኤንቢ ጎን ለጎን በአግድም አሰልፎ «ሲግናል የለም» ቢልዎ አይመኑት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ያህሳት ከኢትዮሳት ጎን ብቻ ሳይሆን ከበላዩ ነው ያለው። ሳህን ደግሞ ገልብጦ ነው የሚያንጸባርቀው። ስለዚህ ከዲሹ ጀርባ ሆነው ሲያዩ ሁለተኛው ኤልኤንቢ ከመጀመሪያው በታች፣ ትንሽ ወደ ግራ መግባት አለበት። ኤልኤንቢውንም በእጅ እያዞረ ኳሊቲ የሚጨምርበትን ይፈልግ፣ እዚህ ሀገር ብዙ መዞር ይፈልጋል።

ማንንም ከመጥራትዎ በፊት የጠፋውን ቻናል የኢንፎ ገጽ፣ ከዚያም ተመሳሳይ ቁጥር ያለውን የሚሠራ ቻናል ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሁለቱን ፎቶ ለሚመጣው ሠራተኛ ያሳዩት። አይቶ ሳይጨርስ ስለ አዲስ ሪሲቨር ማውራት ከጀመረ ሌላ ሠራተኛ ይፈልጉ።