የሚጥል በሽታና የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች አወሳሰድ፦ ጥያቄና መልስ ከፋርማሲስት ጋር

ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ቫልፕሮኤት፣ ጋባፔንቲን እና ፕሪጋባሊን የሚወስዱ ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ልጅ ካልተባለ በቀር መጠኑ የአዋቂ ነው። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ካዘዘ ምክንያቱን እሱን ጠይቁ፤ ከዚህ አንብባችሁ መጠን አትቀይሩ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ስኳር አለብኝ፤ ማታ ማታ እግሬን እንደ እሳት ይለበልበኛል። ጋባፔንቲን ሰጡኝ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው ይላል። ተሳስተው ይሆን?

መልስ፦ ፋርማሲስት ነኝ አባቴ፣ ዶክተር አይደለሁም። አልተሳሳቱም። በስኳር የተጎዳ ነርቭ ምንም ሳይነካው የሕመም ምልክት ይልካል። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን በነርቭ ጫፍ ላይ የካልሲየም መግቢያውን ስለሚያዳክሙት ነርቩ የሚለቀው መልእክት ይቀንሳል። የሚጥል በሽታም የአንጎል ነርቮች ከልክ በላይ መነቃቃት ስለሆነ አንዱ መድኃኒት ለሁለቱም ይሆናል። ፊት ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ብው የሚያደርገው ሕመም ደግሞ በካርባማዜፒን ነው የሚታከመው። ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ለእንዲህ ያለ ሕመም ብዙም አይፈይዱም፤ ዳይክሎፌናክ እንዲያውም የስኳር ታማሚን ኩላሊት ይጎዳል።

የተለመደው አጀማመር በመጀመሪያው ቀን ማታ 300 ሚሊግራም፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋትና ማታ 300፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ 300 ነው። ለአረጋውያን ብዙ ጊዜ በ100 ይጀመራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንገላጀትና ማዞር ይኖራል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፤ በዚህ መድኃኒት አረጋውያን እንዲህ ብድግ ሲሉ ወድቀው ሊሰበሩ ይችላሉ። በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው አይጣሉት፤ በበቂ መጠን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

ሁለት ምርመራ ይጠይቁ። አንዱ ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይለወጥ በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ መቀነስ አለበት። ሌላው፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ከወሰዱ፣ ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ሜትፎርሚን ቢ12ን ይቀንሳል፤ የቢ12 ማነስ ደግሞ ራሱ እግርን ያደነዝዛል።

ጥያቄ፦ ለነርቭ ብለው የሚሸጡትን ቢ ኮምፕሌክስ አብሬ ብውጥስ? ጉዳት አለው?

መልስ፦ ጀርባውን አንብቢ። ቢ6 በአንድ ክኒን 100 ወይም 200 ሚሊግራም ያለባቸው አሉ። ይህን ለወራት መዋጥ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ ሕመሙ ከምትሸሺው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ደግሞ ሰው መጠኑን ይጨምራል። የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ ለሚወስድ ሰው የሚሰጠው መከላከያ ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በቀን ሦስት ጊዜ የሚለውን ጋባፔንቲን ሥራ ላይ እረሳዋለሁ። ሦስቱንም ማታ አንዴ ብውጣቸውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጋባፔንቲን አንጀት ላይ የሚገባበት መንገድ ጠባብ ነው፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ወደ ደም የሚገባው ድርሻ ያንሳል። በቀን 900 በሦስት ተከፍሎ ሲወሰድ 60 በመቶ ያህሉ ይገባል፤ በቀን 2400 ሲሆን ወደ 34 በመቶ ይወርዳል። ባንዴ ከዋጥከው ብዙው ከሰገራ ጋር ይወጣል። ለሚጥል በሽታ የሚወስድ ሰው ደግሞ በሁለት ውጦሽ መካከል ከ12 ሰዓት በላይ ማሳለፍ የለበትም።

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ብታደርገው እኩል ይከፋፈላል። የሚያምታታ ነገር አለ፦ ፋርማሲ ቦርሳው ላይ የሚጻፈው ሰዓት አንዳንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «8፡00» ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ሲሆን ቀን 8 ሰዓት ላይ የሚውጠው ሰው አለ። ፋርማሲው በር ላይ ቆመህ ጠይቅ።

ሦስት ጊዜ ፈጽሞ የማይመች ከሆነ ፕሪጋባሊን በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚወሰድ ሐኪምህን አማክር። መጀመሪያው ብዙ ጊዜ ጠዋትና ማታ 75 ሚሊግራም ነው። እሱ በደንብ ወደ ደም ስለሚገባ የጋባፔንቲን ሚሊግራም በቀጥታ ወደ ፕሪጋባሊን አይቀየርም። 300 ጋባፔንቲን አልቆብኛል ብሎ የጎረቤትን 300 ፕሪጋባሊን መዋጥ ከባድ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ የጨጓራ ሽሮፕስ?

መልስ፦ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት ከሆነ ሽሮፑን ጠጥታችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋባፔንቲኑን ውሰዱ። አብረው ከገቡ መድኃኒቱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ፌኖባርቢታል ለሁለት ዓመት ወስዶ አንድም ቀን ስላልጣለው አቆመ። ሳምንት ሆነው፣ ደህና ነው። ካርባማዜፒን የሚወስደው የአጎታችን ልጅ ደግሞ ጠበል ሊገባ ነው፤ መድኃኒቱን ይተው ወይ?

መልስ፦ ወንድምሽ ዛሬውኑ ወደ ሐኪሙ ይመለስ። ሰውነት የፌኖባርቢታልን ግማሽ ለማስወጣት በአማካይ አራት ቀን ገደማ ይወስድበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ደህና የሆነው ቀሪው ገና ደሙ ውስጥ ስላለ ነው፤ ሰውን የሚያታልለውም ይሄ ነው። ሲያልቅ የሚመጣው እንደ ድሮው አንድ ጊዜ መጣል ላይሆን ይችላል፤ ሳይነቃ ተከታትሎ የሚያንቀጠቅጥና ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት ሳይጥለው ከቆየ ማቆም ይቻል እንደሆነ መነጋገር ተገቢ ነው፤ ግን በሐኪም፣ በወራት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ። ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲንም፣ ለሕመም ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ተቀንሰው ነው የሚቆሙት።

ስለ ጠበሉ፦ መድኃኒትና ጠበል አብረው አይሄዱም የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለዚህም የሚለይበት ምክንያት የለም። ልጁ ክኒኑን ውጦ ይሂድ። ግን የሚጠጣውን መጠን ተቆጣጠሩ። ካርባማዜፒን ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ስለሚያደርግ የደም ሶዲየም ይወርዳል። በባዶ ሆድ ሦስት ሊትር ባንዴ ሲጠጣበት ሶዲየሙ የበለጠ ወርዶ ራሱ ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ «ጠበሉ አስጮኸው» ይባላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ቅድመ ምልክቶቹ ናቸው። ክኒኑን በዋጠ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰ ይድገም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሆነ አይደገምም። ብቻውንም ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይግባ።

ጾምን በተመለከተ፣ በቀን አንዴ ማታ የሚወሰደው ፌኖባርቢታል አያስቸግርም። ቀን ላይ ውጦሽ ያለበት ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያነጋግር። በረመዳንም ያው ነው፤ በጾም ሰሞን የሚያስቸግረው የእንቅልፍ ማነስም ጭምር ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፌኒቶይን 300 እየወሰደ ይጥለው ነበር። 400 ሲደረግለት እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ምላሱም ይተሳሰራል። 100 ብቻ ጨምሮ እንዴት እንዲህ ይሆናል?

መልስ፦ ፌኒቶይን ከሌሎቹ ይለያል። ጉበት እስከተወሰነ ደረጃ ያስወግደዋል፤ ከዚያ በላይ አቅሙ ይሞላል። በዚያ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ደረጃ ሊያሻቅብ ይችላል። ስለዚህ ከ300 በላይ ጭማሪው በ25 ወይም በ50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሌላ ከመጨመር በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠበቃል። ባለ 50ው በማይገኝበት ሐኪሞች አንዳንዴ አንድ ቀን 300፣ በማግስቱ 400 እያፈራረቁ ያዛሉ። የባለቤትሽ ምልክት የመብዛት ምልክት ነው። ዓይኑ ወደ ጎን ሲያይ ይርገበገባል ወይ? ዛሬ ወደ ሐኪም ውሰጂው፤ ራሳችሁ አታቁሙት።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ካርባማዜፒን ሽሮፕ ይወስዳል። ጠርሙሱ አዲስ ሲሆን ይጥለዋል፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ያንገላጀዋል።

መልስ፦ በደንብ አስተውለሻል። መድኃኒቱ ፈሳሹ ውስጥ አልሟሟም፤ ተንሳፍፎ ነው ያለው፣ ሲቀመጥም ወደ ታች ይዘቅጣል። ሳይነቃነቅ ሲቀዳ ላይኛው ቀጭን፣ ታችኛው ወፍራም ይሆናል፤ ልጁም መጀመሪያ አንሶት መጨረሻ በዝቶበታል። ሁልጊዜ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ ታች የተጋገረው እስኪለቅ ድረስ በደንብ ነቅንቂ። የሻይ ማንኪያም ተዪ፤ የአንዱ ቤት ማንኪያ ከሌላው ይለያል። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ገዝተሽ በሚሊሊትር ለኪ። ሽሮፑ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም አለው፤ አዲስ ጠርሙስ በገዛሽ ቁጥር ግን መለያው ላይ አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ክንዴ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አድርጌያለሁ፤ ካርባማዜፒን ጀመርኩ። ይጋጫሉ?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ እናም ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያጠፋው ያደርጋሉ። በክንድ የሚቀበረውም፣ በየቀኑ የሚዋጠውም፣ የድንገተኛውም እንክብል ይዳከማል። የሦስት ወር መርፌና ሉፕ አይነኩም። መድኃኒቱ ቢቆም እንኳ ውጤቱ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ እስክትቀይሪ ኮንዶም ተጠቀሚ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ከመከላከያ ጋር አይጋጩም።

ቫልፕሮኤት የምትወስዱ ሴቶች፦ በእርግዝና ከተወሰደ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ገደማ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳል፤ ከ30 እስከ 40 በመቶው የዕድገትና የትምህርት ችግር ይገጥማቸዋል። መውለድ የምታስቡ ከሆነ ከማርገዝ በፊት መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪም ይይ። ያረገዘች ደግሞ በድንጋጤ አታቁም፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ጥያቄ፦ ቲኤልዲ የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። ከሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ይጋጫል?

መልስ፦ ውስጡ ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት አለ፤ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ይቀንሱታል። ከካርባማዜፒን ጋር 50 ሚሊግራሙ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ይደረጋል፣ ወይም የሚጥል በሽታው መድኃኒት ይቀየራል። ሁለቱም ክሊኒኮች ስለ ሁለቱም መድኃኒቶች ማወቅ አለባቸው። ወባ ከያዘህም እንዲሁ ንገር፤ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ከካርባማዜፒንና ከፌኒቶይን ጋር ሊዳከም ስለሚችል ምርጫው የሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ካርባማዜፒን ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ፤ ደረቴ ላይ ሽፍታ ወጣ።

መልስ፦ ቀጣዩን ክኒን ሳትወስድ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ከባዱ የቆዳ መላጥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው የሚመጣው። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የዓይን መቅላት ወይም ውሃ የቋጠረ ቆዳ ካለ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሌላ መድኃኒት የሚተካልህ እነሱ ናቸው፤ ባዶህን እንዳትቀር።

ጥያቄ፦ ክኒኖቹን በሙሉ እየፈለፈልኩ በአንድ ብልቃጥ አድርጌ ኩሽና አስቀምጣለሁ።

መልስ፦ ካርባማዜፒን እርጥበት ከነካው ይጠነክርና እስከ ሲሶ የሚሆን ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል፤ ቫልፕሮኤትም እርጥበት ይስባል። በየማሸጊያቸው፣ ከእንፋሎትና ከመታጠቢያ ቤት ርቀው ይቀመጡ። ቀለሙና ቅርጹ የተለየ ክኒን ከተሰጣችሁም መጀመሪያ ስሙንና ሚሊግራሙን አስተያዩ። ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው በተቻለ መጠን ከአንድ አምራች ባይወጣ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ውጦሽ ከረሳሁስ? ትራማዶልና ጫትስ?

መልስ፦ ስታስታውስ ውሰድ፤ ለቀጣዩ ከተቃረበ ግን የረሳኸውን እለፈው። በእጥፍ አይወሰድም። ትራማዶል ራሱ የመጣል ዕድልን ይጨምራል፤ ከፕሪጋባሊን ወይም ከጋባፔንቲን ጋር ደግሞ ትንፋሽን ያዳክማል፣ አረቄና ጠጅ ሲጨመሩበት ይብሳል። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስደውንም ይጥላል።

ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሸተትና ማንኪያ ጥርስ መሐል መክተት ይቅር። ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጋችሁ፣ ማንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ አስተኙት፤ ሰዓት ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ዱባይ ልሄድ ነው። ለወገብና ለእግሬ ሕመም ሊሪካ እወስዳለሁ።

መልስ፦ ሊሪካ ፕሪጋባሊን ነው። በአረብ ኤምሬትስም በሳውዲም ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት እስከ እስር ያደርሳል። ፌኖባርቢታልም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ከመሄድሽ በፊት በአገሩ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ፈቃድ ጠይቂ፤ የሐኪም ደብዳቤና ማዘዣ በእንግሊዝኛ አስጽፊ፣ ስሙ ፓስፖርትሽ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን። መድኃኒቱን ከነካርቶኑ፣ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ፣ በእጅ ሻንጣ ያዢ። የሰው አደራ ክኒን አትቀበዪ። ፈቃዱ ካልመጣልሽ ሐኪምሽ በሌላ ሊተካልሽ ይችላል፤ ቅያሪው ቀስ ተብሎ የሚደረግ ስለሆነ ግን ቲኬት ከመቁረጥሽ ሁለት ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ።