የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ዴስክቶፕ ላይ የሠራ ድራይቨር ቦርድ ላይ ለምን ይሳሳታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን ለአንድ የኔትወርክ ካርድ የሊኑክስ ድራይቨር ጽፈናል። ድራይቨሩ የኢንቴል ፕሮሰሰር ባለው ዴስክቶፓችን ላይ ሳምንት ሙሉ ያለ እንከን ሠርቷል። ያንኑ ካርድና ያንኑ ኮድ ባለ አራት ኮርና ባለ 32 ቢት የአርም ቦርድ ላይ ስንሞክር ግን ሦስት ነገሮች አስቸገሩን። አልፎ አልፎ ከቦርዱ የሚወጣው ፓኬት ቀደም ሲል የተላከ ፓኬት ይዘት ይዞ ይገኛል። የተቀበልነውን ባይት የሚያሳየው ቆጣሪ አንዳንዴ ወደ ኋላ ሄዶ ወዲያው ይስተካከላል። ከብዙ ሰዓት በኋላ ደግሞ መቀበሉ እየቀጠለ መላኩ ጨርሶ ይቆማል። ባልደረባዬ የመላኪያውን ፈንክሽን በስፒንሎክ (ሁለት ኮሮች በአንድ ጊዜ እንዳይገቡ በሚከለክል ቁልፍ) አጥሮ ቢሞክርም የተለወጠ ነገር የለም። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሦስቱ ችግሮች መልካቸው ቢለያይም የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው፤ በጋራ የምትጠቀሙበት ሜሞሪ በየትኛው ቅጽበት የማን እንደሆነ ኮዳችሁ በግልጽ አይናገርም። ስፒንሎኩ ያልረዳችሁም ለዚህ ነው። ቁልፍ የሚሠራው ቁልፉን በሚጠይቁ ወገኖች መካከል ብቻ ነው፤ ካርዱ ግን ሜሞሪውን በዲኤምኤ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ፣ ሲያነብና ሲጽፍ የእናንተን ስፒንሎክ አያውቀውም፣ አይጠብቀውምም።

ነገሩን መንዝና ተጉለት ውስጥ ያደገ ሰው በመቀናጆ ሊያስበው ይችላል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ሲቀናጁ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው መሬት ይታረሳል፤ ስምምነቱ የሚጸናው ባለተራው ሥራውን ጨርሶ ቀንበሩን ከፈታ በኋላ በሬዎቹን ሲያስረክብ ነው። በድራይቨራችሁና በካርዱ መካከል ያለው የዲስክሪፕተር ሪንግም (ዲስክሪፕተር የሚባሉ መዝገቦች በዙር የተደረደሩበት ሰንጠረዥ) እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ዲስክሪፕተር የፓኬቱን አድራሻ፣ ርዝመቱንና ተራው የማን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ቢት ይይዛል። እናንተ አድራሻውንና ርዝመቱን ጽፋችሁ በመጨረሻ የተራውን ቢት ለካርዱ ትለውጣላችሁ።

በኮዱ ላይ የመጨረሻው መስመር መሆኑ ግን በሜሞሪው ላይም መጨረሻ መሆኑን አያረጋግጥም። የአርም ፕሮሰሰር ወደ ሁለት የተለያዩ የሜሞሪ ቦታዎች የተላኩ ጽሑፎችን (የመጻፍ ትእዛዞችን) ቅደም ተከተላቸውን ገልብጦ ለሌላው ወገን ሊያሳይ ይችላል። ካርዱ «ተራው የአንተ ነው» የሚለውን ቢት አይቶ ዲስክሪፕተሩን ሲያነብ አዲሱ አድራሻ ገና ካልደረሰ፣ የሚያገኘው ካለፈው ዙር የቀረውን አድራሻ ነው፤ የአሮጌ ፓኬት ይዘት የሚወጣላችሁም በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። የኢንቴል ፕሮሰሰር በተለመደው ሜሞሪ ላይ ጽሑፍን ከጽሑፍ ስለማያቀዳድም ስህተቱን ሸፍኖላችሁ ነበር። እዚያም ቢሆን ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር መስመሮቹን ቦታ ሊያቀያይራቸው ስለሚችል የሳምንቱ ሰላም ማስረጃ አይሆንም።

መድኃኒቱ ባሪየር የሚባለው፣ ከእሱ በፊት ያለው ሥራ ሳይታይ የኋላው እንዳይታይ የሚያግደው ኬላ ነው። አድራሻውና ርዝመቱ ከተጻፉ በኋላ፣ የተራው ቢት ከመለወጡ በፊት፣ ዲኤምኤ ደብልዩኤምቢ የተባለውን ባሪየር አስገቡ። በመቀበያው በኩል ሥራው ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የተራውን ቢት ታነባላችሁ፣ ቀጥሎ ዲኤምኤ አርኤምቢን ታስገባላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ርዝመቱንና ሁኔታውን ታነባላችሁ። ይህን የንባብ ኬላ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔም የጻፍኩት የመጀመሪያ ድራይቨር ላይ የላኪውን አስገብቼ የተቀባዩን ረስቼው ሦስት ቀን አስለቅሶኛል። አንዱ ወገን ብቻ የሚያከብረው ቅደም ተከተል ቅደም ተከተል አይደለም።

መላኩ የሚቆምበትን ምክንያት ቀስ ብላችሁ እንድትከተሉኝ እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለ ስህተት በሺህ ጊዜ አንዴ ስለሚከሰት በሙከራ ብዛት አይገኝም። ሪንጋችሁ 256 ቦታ አለው እንበል። ኮር 0 ላይ የመላኪያው ፈንክሽን ሪንጉ መሙላቱን ያያል፤ የሚላኩ ፓኬቶች የሚመጡበትን ወረፋ ሊዘጋ ነው፣ ግን ገና አልዘጋም። በዚያች ቅጽበት ኮር 1 ላይ ያለቀላቸውን ፓኬቶች የሚያጸዳው ፈንክሽን 256ቱንም ያስለቅቅና «ወረፋው ተዘግቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አልተዘጋምና ማንንም ሳይቀሰቅስ ይሄዳል። ከዚያ ኮር 0 ወረፋውን ይዘጋል። አሁን ሪንጉ ባዶ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ ፓኬት ስለሌለ የማጠናቀቂያ ኢንተራፕት (ካርዱ ሥራው ማለቁን ለፕሮሰሰሩ የሚያሳውቅበት ጥሪ) አይመጣም፤ ኢንተራፕት ካልመጣ ደግሞ ወረፋውን የሚከፍት የለም። የጊዜ ማለፍን የሚያስተናግደውን ፈንክሽን ካልጻፋችሁ ከርነሉም (የሊኑክስ እምብርት) የመላኩን መቆም የሚከታተለውን ጠባቂ አያስነሳላችሁም፤ ዝምታው ያለ ምልክት ይቀጥላል።

መፍትሔው ከዘጉ በኋላ እንደገና ማየት ነው። የመላኪያው ፈንክሽን ወረፋውን ይዝጋ፣ ሙሉ ባሪየር (ንባብንም ጽሕፈትንም የሚያግድ) ያስገባ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ መኖሩን ድጋሚ ይመልከት፤ ካለ ራሱ ይክፈተው። የማጽጃው ፈንክሽንም የት ድረስ እንዳጸዳ የሚያሳየውን ጠቋሚ ካሳደሰ በኋላ፣ የወረፋውን መዘጋት ከመጠየቁ በፊት ሙሉ ባሪየር ያስገባ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊተላለፉ አይችሉም፤ ቢያንስ አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል። ድጋሚ ማየቱ ከሌለ ይህ ስህተት ኢንቴል ላይም ይደርሳል፤ ዴስክቶፑ ላይ ያልታየው በአጋጣሚ ነው።

ቆጣሪው ቀላል ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ባለ 64 ቢት ቁጥርን በተለመደው መንገድ ሲያነብ በሁለት ግማሽ ነው የሚያነበው። ቁጥሩ 4,294,967,296 ባይት በተሻገረ ቁጥር የታችኛው ግማሽ ወደ ዜሮ ተመልሶ የላይኛው በአንድ ያድጋል፤ አንባቢው በሁለቱ መካከል ከገባ ከአራት ቢሊዮን ባይት በላይ የጎደለ ቁጥር ያያል። በአንድ ጊጋቢት መስመር ሙሉ ፍጥነት ይህ ድንበር በ34 ሰከንድ ገደማ አንዴ ይታለፋል። ከርነሉ ለዚሁ ያዘጋጀው ዩ64 ስታትስ ሲንክ የሚባል መሣሪያ አለ፤ አንባቢው መሀል ላይ መግባቱን አውቆ እንደገና እንዲያነብ ያደርገዋል፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ ደግሞ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ስፒንሎኩ ጨርሶ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በመደበኛ ፕሮሰስ በኩል የሚመጣ ትእዛዝና የናፒ ፈንክሽን (የደረሱ ፓኬቶችን በቡድን የሚያስተናግደው) የሚጋሩት መረጃ ካለ ስፒን ሎክ ቢኤችን ተጠቀሙ፤ የኢንተራፕት ተቀባዩ ራሱ የሚነካው ከሆነ ኢንተራፕትን የሚዘጋውን ዓይነት፣ ስፒን ሎክ አይአርኪው ሴቭን። ያለበለዚያ ቁልፉን በያዘው ኮር ላይ ኢንተራፕት መጥቶ ያንኑ ቁልፍ ሲጠይቅ ኮሩ ራሱን እየጠበቀ ይቀራል። ይህን ዓይነቱን ስህተት ሎክዴፕ የተባለው የከርነሉ የቁልፍ መፈተሻ ሳይከሰትም በፊት ሊያሳያችሁ ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በሊኑክስ 5.8 የገባው ኬሲሳን የተባለ መፈተሻ ደግሞ በኮሮች መካከል ያለውን ሽሚያ ባለ 64 ቢት ዴስክቶፓችሁ ላይ ሳይቀር ያጋልጣል። ካርዱ በዲኤምኤ የሚነካውን ግን በቀጥታ አይከታተልም፤ የሪንጉን ባሪየሮች በዓይናችሁ መስመር በመስመር መፈተሽ አለባችሁ።

ጥያቄ፦ ከመሃል ሜዳ ነው። በኮሮች መካከል የሚጋራውን ተለዋዋጭ ሁሉ ቮላታይል ብዬ ባውጅ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ቮላታይል ኮምፓይለሩ ንባቡን እንዳይዘለው ያስገድደዋል እንጂ ፕሮሰሰሩን ቅደም ተከተል አያስጠብቀውም፤ እሴትን አንብቦ፣ ጨምሮ መልሶ መጻፍንም አንድ የማይከፈል ሥራ አያደርገውም። የከርነሉ ሰነድም አጠቃቀሙን አይደግፍም። ያለ ቁልፍ ለሚነበብና ለሚጻፍ አንድ ምልክት ሪድ ዋንስና ራይት ዋንስ የተባሉትን የከርነሉን መሣሪያዎች ይጠቀሙ፤ ከምልክቱ ጀርባ ሌላ መረጃ የሚከተል ከሆነ ቅደም ተከተልን የሚያስጠብቁትን፣ በጻፊው በኩል ስቶር ሪሊዝን፣ በአንባቢው በኩል ሎድ አኳየርን ጥንድ አድርገው ያስገቡ።