ሕግ ልማር፣ ግን የት? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ። ሕግ የት ልማር? ስንት ያስወጣኛል? ስጨርስስ ሥራ አገኛለሁ? ደሴ ፍርድ ቤት ስከራከር የኖርኩ ጠበቃ ነኝና ነገሩን በቅርብ አየዋለሁ። የዛሬዎቹን አምስት ጥያቄዎች አሳጥሬ አቅርቤአቸዋለሁ።

«ውጤቴ ጥሩ ነው። አባቴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ከቤት እየተመላለስሽ ተማሪ ይለኛል። እኔ አዲስ አበባ መሄድ እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ የደሴ ዲግሪ ሥራ አያስገኝም ይላሉ። እውነት ነው?» (ከደሴ፣ ሆጤ)

እህቴ፣ አብሽሪ። እውነት አይደለም። ደሴ ተማርሽ፣ አዲስ አበባ ተማርሽ፣ ሐሮማያ ተማርሽ፣ መጨረሻ ላይ የምትቀመጪው ለአንድ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለመሆን ስትወዳደሪ እንደገና ትፈተኛለሽ። የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣትም እንደዚያው። ፈተናውን የሠራ ሰው የት ተማርሽ ብሎ የሚያስቀረው የለም።

አዲስ አበባ ግን ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያ የሕግ ትምህርት ቤት እዚያ ነው የተከፈተው፣ በ1950ዎቹ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም እዚያው ናቸው። ሐሳብሽ እነዚህ ጋ መሥራት ከሆነ፣ አምስት ዓመት እዚያ ኖረሽ ሰው ማወቅሽ ይጠቅምሻል። ዳኛ ወይም ጠበቃ ሆነሽ እዚሁ ወሎ መኖር ከሆነ የምትፈልጊው፣ ደሴ ይሻልሻል። ለተግባር ልምምድ ፍርድ ቤትና ፍትሕ ቢሮ ትወጫለሽ። እዚያ ያየሽ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ስትመረቂም እዚሁ ነው ያለው። በየችሎቱ ፊትሽ ይታወቃል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ወጪ ሲባል ደግሞ ሰው የሚያስበው የትምህርት ክፍያውን ብቻ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአምስት ዓመት የሚመላለሱበት ትራንስፖርት አለ። የኪስ ገንዘብ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። ዶርም ያልቃል፣ ሥራ አልተገኘም፣ አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ወራት መጠበቅ ይመጣል። ብዙ ጎበዝ ልጆች ሲንገዳገዱ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አባትሽ ያንን ጊዜ መሸከም ይችላሉ? አሁኑኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የመግቢያና የክፍያ ሥርዓቱ ከሌሎቹ ስለሚለይ፣ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራስሽ አንብቢ። በወሬ አትሂጂ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ዝም ተብሎ አይገባም። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ ንብረት ተዘርፎበታል። ስለዚህ ሂጂና ጠይቂ። የሕግ ቤተ መጻሕፍቱ ምን ይመስላል? የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ተማሪ ያሳትፋል ወይ? ባለፈው ዓመት የመውጫ ፈተና ከተቀመጡት ስንቱ አለፉ? አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ሻይ ጋብዘሽ ብትጠይቂያቸው እውነቱን ይነግሩሻል። ግቢው ከተማሽ ውስጥ ነውና ዕድሉ አለሽ።

አንድ ነገር ላክልበት። ዩኒቨርሲቲ ገባሽ ማለት ሕግ ገባሽ ማለት አይደለም። ዲፓርትመንት የሚደርስሽ በፍሬሽማን ውጤት ተወዳድረሽ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ዕረፍት አትይው።

ይሄኛው ደግሞ ለአባትሽ ነው። አባት ሆይ፣ ልጅዎ ከቤት እየተመላለሰች ትማር ካሉ፣ ማታ ማታ ወጥ ቤት እንዳትውልብዎ። ወንድሟ የሚያጠናበት ሰዓት ለእሷም ይኑራት። ከቤት መማር ርካሽ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው።

«ልጄ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ አላመጣም። አንድ ኮሌጅ ቅዳሜና እሑድ ሕግ እናስተምረዋለን፣ ይህን ሳምንት መመዝገቢያ ክፈሉ አሉኝ። ልክፈል?» (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

እትዬ፣ እባክዎ አይክፈሉ። ቢያንስ ይህን ሳምንት አይክፈሉ።

የመግቢያ ነጥቡን ያላሟላ ልጅ በግል ኮሌጅም ቢሆን በቀጥታ ዲግሪ አይጀምርም። መንገዱ ሬሚዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት ነው። እሱን ሞክሮ ቢያልፍ በሩ ይከፈትለታል። ኮሌጁንም ቢሆን ዕውቅናውን ያሳዩኝ ይበሏቸው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በትምህርት ዓይነት፣ በካምፓስና በአሰጣጥ ነው። ለአካውንቲንግ ያለው ፈቃድ ለሕግ አይሆንም። የአዲስ አበባው ፈቃድ ለኮምቦልቻ አይሠራም። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ባለሥልጣኑን ራሱን ይጠይቁ።

ይህን አጥብቄ የምነግርዎ በምክንያት ነው። አንድ ወጣት ቢሮዬ መጥቶ አልቅሶብኛል። ዓመታት ከፍሎ ተምሮ፣ የመውጫ ፈተና ልመዝገብ ሲል ስምህ የለም ተባለ። ትምህርቱ ዕውቅና አልነበረውም። እናቱ ለክፍያው ላም ሸጠው ነበር።

«ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት) ዕዳ ስለሆነ ፈራሁት። ቢቀርብኝ ይሻላል?»

አይሻልም፣ ወንድሜ። አሁን የምትፈርመው ውል ብቻ ነው። የምትከፍለው ሥራ ይዘህ ደመወዝ ስታገኝ ነው፣ በየወሩ ቢያንስ ከገቢህ 10 በመቶ። በግቢው ምግብና ዶርም ካልተጠቀምክ ዕዳው ይቀንሳል። ኦሪጅናል ዲግሪህን ለመውሰድ ግን መጨረስ እንዳለብህ ዕወቅ። የውሉን ኮፒ አስቀምጥ።

«33 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ፣ የማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ፣ ልጆችም አሉኝ። በኤክስቴንሽን ሕግ ብማር ገንዘቤን ማባከን ይሆንብኛል?»

እኔ ተማር ነው የምልህ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ደረቅ ወደብ አለ፣ ጉምሩክ አለ። አንተ በየቀኑ የምትይዘው የሥራ ውል፣ ስንብት፣ የካሳ ክርክር ሁሉ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጉዳይ ነው። ሥራው በእጅህ ስላለ፣ ሕጉ ሲጨመርበት ወደ ነገረ ፈጅነት የሚያሻግርህ መንገድ ይኖራል። ሥራ ለቀህ ጠበቃ ለመሆን ካሰብክ ግን ዲግሪው ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃዱ የራሱ መስፈርትና ፈተና አለው፤ ደንበኛ እስኪለምድህም ጊዜ ይወስዳል።

የአንድ ክሬዲት ሰዓት ክፍያ ስንት እንደሆነ ጠይቀህ በጠቅላላው ክሬዲት አባዛው። በየዓመቱ ይጨምራል ወይ ብለህም ጠይቅ። ደሴ ከሆነ የምትማረው፣ 25 ኪሎ ሜትሩን ሲመሽ ሐረጎን እየወረድክ ስለሆነ የምትመለሰው፣ የማታውን ትተህ የቅዳሜና እሑዱን ምረጥ። ልጆች አሉህና።

«በሕግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ አንድ ዓመት ቁጭ ብያለሁ። ተበድሬ ማስተርስ ልቀጥል?» (ከደሴ)

አሁን አይሆንም። ማስተርስ ይጠቅማል፤ ግን ሥራ ያላየ ሰው ተበድሮ ሲማረው ብዙ ጊዜ ዕዳውን ነው የሚያጸናው።

አምስት ዓመት የተማርከው በእንግሊዝኛ ነው። ደሴ ችሎት የምትከራከረው በአማርኛ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ አዲስ ተመራቂዎች ሲመጡብኝ የማየው ትልቁ ክፍተት ይሄ ነው። ሕጉን ያውቁታል፣ አቤቱታ ሲጽፉ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይወላገዳል። ነጋሪት ጋዜጣን ሁለቱንም ዓምድ አስተያይተህ አንብብ። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው የአማርኛው ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የውሳኔዎቹን ቅጾች ከአንደኛው ጀምረህ አንብባቸው። የአማርኛ ፍርድ አጻጻፍ የሚለመደውም ከዚያው ነው።

ሌላው ቋንቋ ነው። ከእኛ አጠገብ ከሚሴና ባቲ አሉ። እነሱ ያሉበት የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የደሴ ልጆች ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለ የሥራ ገበያ በቋንቋ ምክንያት ያልፋቸዋል። ባቲ ዘመድ ካለህ ሄደህ ሰንብት። በዓመት ውስጥ ተግባቢ ትሆናለህ።

እስከዚያው ጠበቃ ቢሮ ገብተህ፣ ደመወዙ ትንሽም ቢሆን፣ ፋይል አደራጅ። ሥራ በሌለህ ቀን ችሎት ግባ፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ የብድር ክርክር አዳምጠህ የክስ አቤቱታውን አንተ ብትሆን እንዴት ትጽፈው እንደነበር ሞክርና ላክልኝ። በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስልሃለሁ።